የውሃ ተራ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



በዚህ ዓመት ጉባኤ ላይ እንድናገርበት የተሰጠኝ አርእስት «ውሃ በማይበቃበት አገር የጋራ ውሃን ስለ ማስተዳደር» የሚል ነው። አርእስቱ እንደ ደረሰኝ አሳቤ በቀጥታ ወደ ቦረና፣ ወደ አፋርና ወደ ራያ ሜዳ ሄደ። ውሃ ሲያጥር ሁልጊዜ የሚታየን ቆላው ነውና። ነገር ግን ይህ አዳራሽ የሚገኘው በአራዳ ነው። ከዚህ ወጥቶ ቁልቁለቱን ጥቂት የተራመደ ሰው እሪ በከንቱ ይደርሳል። እኔ የተወለድሁትም ያደግሁትም እዚያው ስለሆነ፣ ሩቅ አገር ከመሄዴ በፊት ከደጄ መጀመር የሚገባኝ መሰለኝ።

የሰፈሩ ስም ከየት እንደ መጣ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። በጥንቱ ዘመን በዚያ ገደላገደል በምሽት የሚያልፈውን መንገደኛ ወንበዴ ይዘርፈው ነበር፤ ተዘራፊው እሪ ቢል የሚደርስለት ስላልነበረ ጩኸቱ ከንቱ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ይላሉ ሽማግሌዎች። እኛ በልጅነታችን እሪ የምንለው በወንበዴ ምክንያት ሳይሆን በውሃ ተራ ምክንያት ነበር።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በሰፈራችን በግቢው ውስጥ ቧንቧ የነበረው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረነው ሁላችን የምንቀዳው ከአንዲት ቦኖ ነበር። ቦኖዋ አራት አፍ ነበራት፤ ከአራቱም ሁለቱ ብዙውን ጊዜ ተበላሽተው በጨርቅ ታስረው ይውሉ ነበር። የምትከፈተው ጠዋትና ማታ ነው። ሌሊት የሚጀመረው ሰልፍ ግን የሰው ሳይሆን የዕቃ ሰልፍ ነበር፤ እንስራው፣ ባልዲው፣ የዘይት ቆርቆሮው በመስመር ይደረደራል። ዕቃው ቤት ውስጥ የሚፈለግበት ሰው ድንጋይ ያስቀምጣል። ያም ድንጋይ እንደ ባለቤቱ ይከበር ነበር።

ቦኖዋን ይከፍቱና ሳንቲሙን ይቀበሉ የነበሩት አንዲት ባልቴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸው ነበር። እትዬ ማንበብ አይችሉም፤ ሕጋቸው ግን እንደ ጻፉት ያህል የታወቀ ነበር። አራስ ያለችበት ቤትና ለቅሶ የተቀመጠ ቤት ሰልፍ አይዝም። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ሁለት እንስራ ከቀዳች በኋላ የቀረውን የምትቀዳው ሰልፉ ሲያልቅ ነው፤ የሰው መጠጫ ከመጥመቂያው ይቀድማልና። ውሃ እየቀዱ ለሻይ ቤት የሚሸጡት ተሸካሚዎች ለብቻቸው ይሰለፉና ለቤት ሦስት ሲቀዳ ለእነርሱ አንድ ይቀዳላቸዋል። ውሃው ሲቀጥን እትዬ እጃቸውን ከቧንቧው ሥር አድርገው ይመዝኑትና «ዛሬ አንድ አንድ ነው» ብለው ያውጃሉ። ያን ጊዜ አሥር ዕቃ ያሰለፈውም አንድ ዕቃ ያሰለፈውም በመጀመሪያው ዙር አንድ አንድ ብቻ ይቀዳሉ። ተራ የዘለለ ሰው ባልዲው ወደ ሰልፉ ጅራት ይመለሳል። የደገመ እንደ ሆነ ሦስት ቀን የመጨረሻ ይሆናል። ለዚህ ቅጣት ዘበኛ አላስፈለገም፤ በሰልፉ ላይ የቆመው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው በቧንቧው ላይ ነበር።

ይህን ስል የደጉን ዘመን ወሬ እንደማወራ አትቁጠሩብኝ። እትዬ ለዘመዶቻቸው ሲያደሉ አይተናል። በየቤቱ በሠራተኝነት የገቡት ከገጠር የመጡ ልጆች ደፍሮ የሚከራከርላቸው ስላልነበረ ብዙ ጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ይገኙ ነበር። ዋጋውንም የከፈሉት በተለይ ሴቶች ልጆች ናቸው። ታላቅ እኅቴ ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረችው ሰነፍ ስለነበረች አይደለም፤ የጠዋቱ ውሃ በእርሷ ላይ ስለነበረ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ሳታየው ስለ ቀረች ነው። እኔ ወንዱ ልጅ ግን በሰዓቱ እደርስ ነበር። መሐንዲስ የሆንሁትም እኔ ነኝ። ይህን ቀላል ነገር ለመናገር እስከ ዛሬ ስዘገይ ኖሬያለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። አዲስ አበባ ደረቅ አገር አይደለችም። በዓመት በአማካይ 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ይህም ከብዙ የአውሮፓ ከተሞች ይበልጣል። ታዲያ ስለ ደረቅ አገር ውሃ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ምን አገባት? መልሱ በቧንቧዋ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በ1880ዎቹ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ትእዛዝ የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ያለውን ውሃ በቧንቧ አምጥቶ በኮረብታው ላይ ወዳለው ቤተ መንግሥት ሲያወጣው፣ ሕዝቡ ውሃ ዳገት ወጣ ብሎ ተደነቀ። ከዚያ በኋላ በ1930ዎቹ የገፈርሳ ግድብ ተሠራ፤ በ1952 ዓ.ም. ማጣሪያ ተጨመረለት። የለገዳዲ ግድብ በ1962 ዓ.ም. ሲያልቅ በቀን 50,000 ሜትር ኩብ ውሃ የሚያጣራ ጣቢያ ነበረው። በ1963 ዓ.ም. የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የለገዳዲ ማጣሪያ በኋላ እጅግ እየሰፋ ሄደ፤ በ1991 ዓ.ም. የድሬ ግድብ ታከለበት፤ ከዚያም የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች መጡ። እያንዳንዱ ሥራ ሲመረቅ የውሃው ችግር አበቃ ተብሎ ነበር። ነገር ግን ከተማዋ ከግድቦቹ ፈጥና ስታድግ ኖረች። ከሚመረተውም ውሃ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ከቆጣሪ ሳይደርስ በየመንገዱ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ሰፈሮች ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። በሳምንት አምስት ቀን ቧንቧው ደረቅ ለሆነበት ቤት የዝናቡ ልክ ምን ይፈይድለታል? ሌላም ነገር አለ። ገፈርሳም ለገዳዲም ድሬም ከከተማው ወሰን ውጭ ያሉ ናቸው። ግድቡ ያረፈበትን ተፋሰስ የሚያርሰው ገበሬ ሌላ፣ የሚጠጣው ሌላ ነው። የጋራ ውሃ የምንለው ከእነርሱም ጋር ነው። ይህ ጉዳይ ለብቻው አንድ ንግግር ስለሚያስፈልገው ዛሬ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ቦረና ልውረድ።

በቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው «ገና» ነው፤ ታናሹም በመጸው የሚመጣው «ሐጋያ» ነው። ሁለቱ ተደምረው በብዙው ቦታ ከ400 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ቢሰጡ ነው፤ ያም ዝናቡ ሲያምር ነው። በዚህ አገር ከብትን ከአንዱ ዝናብ እስከ ሌላው የሚያደርሱት «ቱላ» የሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች ናቸው። ዱብሉቅ፣ ዌብ፣ መልባና፣ ዳስ፣ ጋዮ ስማቸው የታወቀ ነው። ሰው በእጁ ከዓለት የፈለፈላቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ከብቱ በተቆፈረው ረጅም ቁልቁለት ወርዶ ከገንዳው ይጠጣል። ውሃውን ከጉድጓዱ ወለል እስከ ገንዳው የሚያደርሱት ጎልማሶች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በላይ በመሰላል ላይ ቆመው የቆዳ ባልዲውን እየተቀባበሉ ያወጡታል። ሥራው ከእጅ ወደ እጅ በዜማ ስለሚሄድ እንግዶች «የሚዘፍኑ ጉድጓዶች» ብለዋቸዋል። ስሙ ያማረ ነው፤ ከታች ቆሞ ለቀዳ ሰው ግን ወገቡ የሚነግረው ሌላ ነው።

እኛን ባለሙያዎችን ሊያስደንቀን የሚገባው ግን ዜማው ሳይሆን ሥርዐቱ ነው። እያንዳንዱ ኤላ መጀመሪያ የቆፈረው ሰው ዘር የሆነ «ኮንፊ» የሚባል አባት አለው። ይሁን እንጂ ኮንፊ ማለት እንደ ከተማ ባለርስት ውሃውን የሚሸጥ ማለት አይደለም፤ የቱላ ውሃ አይሸጥም። ውሃ የማጠጣቱን የዕለት ተራ የሚመራው «አባ ሐረጋ» ነው። ማን ዛሬ፣ ማን ነገ፣ ማን ከነገ ወዲያ ከብቱን እንደሚያመጣ የሚወስነው፣ ገንዳው መጸዳቱን፣ አጥሩ መጠበቁን፣ ሠራተኛው መሟላቱን የሚያይ እርሱ ነው። ከኋላው ደግሞ የተጠቃሚዎች ሸንጎ አለ። ኮንፊ ይቀድማል፤ አባ ሐረጋው ይከተላል፤ ከዚያም የጎሳው ሰዎች፣ ከዚያም ሌሎች በየደረጃቸው ይመጣሉ። በበጋ ላምዋ በየሦስት ቀኑ እንድትጠጣ ይደረጋል። መብት ያለው ሰው ጉልበት ያዋጣል፤ ጉልበት ያላዋጣ ተራው ይጠብበታል። የጠማው መንገደኛ ግን አይከለከልም። የኖርዌዩ የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዮሐን ሄላንድ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንን ሥርዐት አጥንቶ ሲጽፍ ያሳየው ቁም ነገር፣ የቱላ ውሃ ነገር በመሠረቱ የውሃ ነገር ብቻ ሳይሆን ጉልበትን የማደራጀት ነገር መሆኑን ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የእኔን ልብ የነካው አንድ ነገር አለ። ዝናብ ሲጥልና ኩሬው ሲሞላ ኤላው ይዘጋል። ውሃ ጠፍቶ ሳይሆን ውሃ ሞልቶ ይዘጋል። ከብቱ ወደ ኩሬዎቹ ሲሄድ በኤላው ዙሪያ ያለው ሣር ያርፋል፤ ለበጋውም ይቆያል። ቦረናዎች በውሃው ቁልፍ ሣሩን ይቆልፉታል ማለት ነው።

ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገና ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ በደቡብ ቆላ ውስጥ በአንድ የውሃ ቁፋሮ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም፤ ጥፋቱም የመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን በአብዛኛው የእኔ ነው። በአንድ የግጦሽ ሜዳ መካከል ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈርሁ፤ የናፍጣ ሞተር አስተከልሁ፤ የሲሚንቶ ገንዳ አሠራሁ። ውሃው እንደ ጉድ ፈሰሰ። ስሌቴም ትክክል ነበር፤ በሰከንድ ስንት ሊትር፣ በቀን ስንት ከብት፣ ሁሉም በወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። የማስረከቢያው ቀን አንድ ሽማግሌ በአስተርጓሚ ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝ። አንደኛው፣ ዝናብ ሲመጣ ይህን የሚዘጋው ማን ነው? የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ ሞተሩ ሲቆም የምንጠራው ማንን ነው? የሚል ነበር። ለመጀመሪያው መልስ አልነበረኝም፤ ጥያቄውም አልገባኝም። ውሃን የሚዘጋ ሰው ለምን ይፈለጋል? ለሁለተኛው የቢሮውን ስልክ ቁጥር ጽፌ ሰጠኋቸው። በዚያ አገር ስልክ ያለበት ከተማ ሁለት ቀን ያስኬድ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ በሌላ ሥራ በዚያው ባልፍ ሜዳው ሜዳ አልነበረም። ውሃው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስለነበረ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነበረ፤ በጉድጓዱ ዙሪያ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሣር የሚባል ጠፍቶ አቧራና እሾህ ብቻ ቀርቷል። ሞተሩም ቆሟል። ከመቆሙ በፊት ግን ሌላ ነገር አፍርሶ ነበር። በቅርብ የነበረውን የእጅ ኤላ በየዓመቱ ይጠርጉ የነበሩት ጎልማሶች ሞተሩን ተማምነው ሥራውን ስለተውት ኤላው በደለል ሞልቷል። ስለዚህ ያ ሕዝብ እኔ ከመምጣቴ በፊት የነበረውንም ውሃ አጣ። ሽማግሌውን ፈልጌ አላገኘኋቸውም፤ ወደ ሌላ አገር ከብቶቻቸውን ነድተው ሄደዋል አሉኝ። ብዙ ሪፖርት ጽፌያለሁ፤ የዚያን ቀን ያየሁትን ግን በሪፖርት ውስጥ የምጽፍበት ቦታ አላገኘሁም።

የቱላው ሥርዐት ሁሉን ይችላል ማለቴ ግን አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ዝናቡ በተከታታይ አምስት ወቅት ሲቀር ብዙዎቹ ቱላዎች ውሃ ነበራቸው፤ ከብቱ ግን ሣር አጥቶ በየሜዳው አለቀ። ተራ የሚያካፍለው ያለውን ነው። ከሰማይ ያልመጣውን አይፈጥርም።

ወደ ሰሜን ስንመለስ፣ በራያና በቆቦ ሜዳ ውሃው ራሱ እንግዳ ነው። ከምዕራቡ ተራራ ጎርፉ በክረምት በድንገት ይመጣል፤ ለጥቂት ሰዓት ይቆያል፤ ያልፋል። ገበሬው በድንጋይ፣ በእንጨትና በአፈር እየመለሰ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ጎርፍ በሌሊት ከመጣ በሌሊት ይካፈላል። ይህን የሚመራው «የውሃ አባት» ነው፤ በትግርኛም «ኣቦ ማይ» ይባላል። የላይኛው ገበሬ መልካም ሰው ስለሆነ ብቻ ለታችኛው ውሃ አይለቅም። የሚለቀው በሚቀጥለው ዓመት መመለሻውን የሚሠራበት የታችኛው ገበሬ ጉልበት ስለሚያስፈልገው ነው። ጎርፉ መመለሻውን በየዓመቱ ይዞት ይሄዳልና። አንዳንድ ጊዜ እኛ በሲሚንቶ የማይፈርስ መመለሻ ስንሠራ፣ የላይኛው ለታችኛው የነበረውንም ፍላጎት አብረን እናፈርሳለን። ይህን የምለው ሲሚንቶን ጠልቼ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው።

በስፔን አገር በቫሌንሲያ ከተማ በየሐሙሱ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ የሐዋርያት በር ፊት የሚቀመጥ የውሃ ሸንጎ አለ። ስምንት የመስኖ ማኅበሮች ይወከሉበታል። ከሳሽና ተከሳሽ በቃል ይናገራሉ፤ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል። ዳኞቹ ራሳቸው አራሾች ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በቅርስነት መዝግቦታል። እኛ በየአገሩ ያሉትን የውሃ አባቶቻችንን እስካሁን በየት መዝገብ እንዳሰፈርናቸው ለናንተ እተወዋለሁ።

ሥርዐት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ወደ ሐረርጌ መሄድ ይበቃል። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬ በትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣበት ነበር። ከተጎዱት ኮረብታዎች አፈር እየታጠበ ይገባበት ነበር። አንድ ገበሬ ሞተሩን ቢያቆም ሐይቁ አይድንም፤ ጎረቤቱ ግን በእርሱ ድርሻ ይከብራል። ይህ ስሌት በእያንዳንዱ ቤት ትክክል ነበር። ሐይቁ በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ደረቀ። የሐረር ሕዝብ ከድሬዳዋ በኩል ውሃ በሩቅ ቧንቧ እስኪመጣለት ድረስ ተሠቃየ። ሐይቁ በሚደርቅበት ዳር የእርሻ ትምህርት የሚሰጥ አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ለነቀፌታ አይደለም፤ ሊቃውንቱ አስቀድመው ጽፈዋል፣ ተናግረዋልም። ዕውቀት ነበረ። የጠፋው ሞተሩን ማን መቼ እንዲያስነሣ የሚወስን አባ ሐረጋ ነው። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ በከፊል ተመልሷል፤ ሞተሮቹም አብረው እንዳይመለሱ መጠንቀቅ ይገባል።

አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ መጨረሻው መጥፋት ነው ብሎ ነበር፤ ለሐረማያ የተጻፈ ይመስላል። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ ከስፔን፣ ከስዊስ፣ ከጃፓንና ከፊሊፒንስ ማስረጃ አምጥታ፣ ሰዎች ራሳቸው ባወጡት ሕግ የጋራ ሀብታቸውን ለብዙ መቶ ዓመታት ሊጠብቁ እንደሚችሉ አስረዳች። በዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እኔ መጽሐፏን ሳነብ ከዘረዘረቻቸው ደንቦች አብዛኞቹን የማውቃቸው መስሎ ተሰማኝ። ወሰኑ የታወቀ፣ ጠባቂው ከተጠቃሚው መካከል የሆነ፣ ቅጣቱ በትንሹ ጀምሮ የሚያድግ፣ ጠቡ በቅርብና በርካሽ የሚዳኝ። ባልዲውን ወደ ሰልፉ ጅራት የሚመልሱት የእትዬ እጅ ታየኝ።

የአገራችን ሕግም ቢሆን በዚህ ነገር ዝም አላለም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃን የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርጋል፤ ለቤት ፍጆታ የሚውለውንም ከሌላው ሁሉ ያስቀድማል። እትዬ ጠላ ጠማቂዋን ወደ ኋላ ያደረጉበት ምክንያት ይኸው ነው። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ደግሞ ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ ውሃውን እንዲያስተዳድር ፈቅዷል። ለከተማው ፈረቃ ግን እንደዚህ ያለ ሸንጎ አላሰብንለትም።

እንግዲህ ወደ ፈረቃው ልመለስ። በአንድ የመንገድ መስመር ላይ 40 ቤቶች አሉ እንበል፤ መስመሩም በአንድ ፈረቃ 20,000 ሊትር ይሰጣል እንበል። ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው 500 ሊትር ነው፤ ይህም 25 ጀሪካን ማለት ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት ቆጥቦ ጥቂት ቀን ይኖርበታል። አሁን ከ40ዎቹ መካከል አሥሩ ቤቶች እያንዳንዳቸው 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ቢኖራቸውና ባዶ ቢሆን፣ ከመስመሩም ላይ በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ቢገጥሙ፣ አሥሩ ብቻ 20,000ውን ይጨርሱታል። ለቀሩት 30 ቤቶች ፈረቃ ደርሷል፤ ውሃ ግን አልደረሰም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው ቤትና የጋራ መኖሪያ ሕንፃው አራተኛ ፎቅ ደግሞ ያለ ፓምፕም ቢሆን መጨረሻ የሚደርሳቸው ናቸው፤ ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሞላው ቆላው ነውና። ፓምፑ ባዶውን መስመር በሳበ ቁጥር ደግሞ በተሰነጠቀው ቧንቧ በኩል የቦይ ውሃ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ የጎረቤት ፓምፕ የውሃ ስርቆት ብቻ ሳይሆን የበሽታ ምክንያት ይሆናል።

ባለ ፓምፑን ሰው አልረግመውም። እኔም በቤቴ ሮቶ አለኝ። ሮቶ የሚገዛው ሰው ሰልፉን አያይም፤ ከአጥሩ ወዲያ ማን እንደ ጠማው አያውቅም። በቦኖው ዘመን ተራ የዘለለ ሰው የዘለለው በሰው ፊት ነበር። አሁን ግን ሁላችንም በሌሊት፣ በዝግ በር፣ በፓምፕ ድምፅ ብቻ ተራ እንዘላለን።

ከዓለም ደቡብ አንድ ምሳሌ ልጨምር። የኬፕ ታውን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2018 ውሃው ሊያልቅባት ሲቃረብ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ወስና፣ የግድቦቹን ከፍታ በየሳምንቱ ለሕዝብ ታሳውቅ ነበር። ብዙ የሚፈጅ ቤት ውሃው እንዲቀነስበት በቆጣሪው ላይ መገደቢያ ይደረግበት ነበር። ሁሉም ፍትሐዊ ነበር አልልም፤ ከዚያ በፊትም ዓመቱን ሙሉ ከቦኖ የሚቀዳ ሕዝብ በከተማው ዳርቻ ነበረ። ቢሆንም ሰልፉ እንዲታይ ተደርጓል። እኛም ያለ ብዙ ወጪ ማድረግ የምንችለው ነገር አለ። የፈረቃው ሰሌዳ በየመንገዱ መስመር እንጂ በወረዳ ስም ብቻ መውጣት የለበትም። በየመስመሩ ጫፍ፣ ማለትም ውሃው መጨረሻ በሚደርስበት ቤት ላይ፣ የግፊት መለኪያ ይገጠም፤ ንባቡም ለዚያ መስመር ነዋሪዎች ይነገር። ውሃ ደርሷል የሚባለው ግድቡ ሲለቅ ሳይሆን ያ መጨረሻው ቤት ሲቀዳ ይሁን። ከማኅበራችን አባሎች መካከል በዚህ ዓመት ሦስት መስመሮችን መርጠው ለመለካት ፈቃደኛ የሚሆኑ ቢኖሩ እኔ መለኪያዎቹን ከራሴ ኪስ እገዛለሁ። ይህን ስል ቃሌ ነው፤ ጸሐፊያችን ይመዝግቡልኝ።

ንግግሬን ለማዘጋጀት ስል ባለፈው ሚያዝያ በአንድ ሌሊት በአራዳ በኩል ውሃ ከሚከፍትና ከሚዘጋ ሠራተኛ ጋር ዞሬ ነበር። ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል። ረጅም የብረት ቁልፍ በትከሻው ተሸክሞ፣ በየመንገዱ ያለውን ክዳን እያነሣ፣ አንዱን መስመር ይከፍታል፣ ሌላውን ይዘጋል። አንዳንድ ሰው ከበሩ ላይ ቆሞ ይለምነዋል፤ አንዳንዱ ይሰድበዋል። የአዲስ አበባ አባ ሐረጋ ይህ ሰው ነው፤ ከኋላው ግን ሸንጎ የለም፤ የሚያወጣው ተራ ለማን እንደሚደርስና ለማን እንደሚቀር አብሮት የሚያይ የለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው በተካሄደው የኮሪደር ልማት አያሌ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሥፍራ ስለተዛወሩ፣ አንዳንዱን ክዳን ሲያነሣ «ይህ እንኳ አሁን የሚጠጣበት የለም» እያለ ያልፈዋል።

ከደረት ኪሱ የተጨማደደ ደብተር አውጥቶ ሲያይ ምን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። የራሱ ማስታወሻ ነው። በሥራ ዘመኑ ማንም ሳያዝዘው ጽፎ የያዘው ነው። አንዲት በሽተኛ ያለችበት ቤት መስመር ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይከፈታል። ለቅሶ ያለበት መንገድ ለሦስት ቀን አይዘጋም። ዳቦ ቤቱ ከሰፈሩ በኋላ ነው። የላይኛው መንገድ ከታችኛው በፊት ይከፈታል፤ «ታች ያለው ያው ይደርሰዋል» አለኝ። ጡረታ ሲወጣ ደብተሩን ለማን እንደሚያስረክብ ብጠይቀው ትንሽ አሰበና «የሚጠይቀኝ ካለ» አለ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ክዳን መልሶ ገጠመ። ቁልፉንም በትከሻው አድርጎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ሄደ።